ላብ (ላቦራቶሪ) የማይወድ ሰው ፊዚክስ ይማር?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ነኝ። በቅርቡ የዲፓርትመንት ምርጫ እንሞላለን። ፊዚክስ በጣም እወዳለሁ፤ ጄኔራል ፊዚክስም ኤ አግኝቻለሁ። ችግሬ ላብ ነው። ገና ስገባ ይጨንቀኛል፣ ሪፖርት መጻፍማ ሞቴ ነው። ጓደኞቼ ፊዚክስ ማለት ላብ ነው ይሉኛል። አዳማ የምትማረው የአክስቴ ልጅ ደግሞ አፕላይድ ፊዚክስ ከዚህም ይብሳል ትላለች። አባቴ ኢንጂነሪንግ ግቢ ይላል። ፊዚክስ ልግባ ወይስ ማትስ ይሻለኛል? ላብ ሳልነካ የቲዮሪ ፊዚሲስት መሆን እችላለሁ?»

ከመጨረሻው ልጀምር። አትችይም። በመጀመሪያ ዲግሪ የቲዮሪ ተማሪ እና የላብ ተማሪ ተብሎ አይከፈልም። ሀዋሳም ብትገቢ፣ አዲስ አበባም ብትገቢ፣ ሜካኒክሱንም ኤሌክትሮኒክሱንም ኤክስፐሪመንታል ፊዚክስ የሚባሉትንም ኮርሶች ትወስጃለሽ። ውጭ አገር ላቡን ቀንሰው ቲዮሪ ላይ የሚያተኩር ዲግሪ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። እዚያም ቢሆን የመጀመሪያው ዓመት ላብ አብዛኛውን ጊዜ አይቀርም። መንገዱ የሚለየው በኋላ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ላይ የጥናት ርዕስሽን ስትመርጪ፣ ከዚያም ዶክትሬት ላይ። ያኔ ቲዮሪ ከመረጥሽ ዕቃ ንኪ የሚልሽ የለም።

ይህ ማለት ግን ፊዚክስ አይሆንሽም ማለት አይደለም። ጓደኞችሽ ያጋንናሉ። የዲግሪው ትልቁ ክፍል ሌክቸር ላይ ነው የሚያልቀው። ክላሲካል ሜካኒክስ፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስ፣ ኳንተም ሜካኒክስ፣ ስታቲስቲካል ፊዚክስ፣ ከዚያ ለሁሉም መሣሪያ የሚሆነው ማቲማቲካል ሜተድስ አለ። ተማሪ የሚያንገዳግዱት እነዚህ ናቸው። ላብ ላይ የሚወድቀው በብዛት ያልገባ ወይም ሪፖርት ያላስገባ ተማሪ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። ላብ ክሬዲቱ ትንሽ ስለሆነ ችላ የሚሉት አሉ። የቀረ ላብ ግን እንደ ቀረ ሌክቸር ከጓደኛ ደብተር አይካካስም። ዕቃው ከተነሳ ተነሳ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ላቡን የጠላሽው ለምንድን ነው? አልነገርሽኝም፤ ምናልባት ራስሽንም አልጠየቅሽም ይሆናል። መልሱ ግን ምርጫሽን ይወስነዋል።

ከማያቸው ተማሪዎች ብዙዎቹ የሚጠሉት ሙከራውን ሳይሆን ሙከራው የሚሰጥበትን መንገድ ነው። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ብዙ ልጆች ይቆማሉ። ዕቃው አንድ ነው። ደፋሩ ይይዘዋል፣ ሌላው ቁጥር ይጽፋል፣ የቀሩት ስልካቸውን ያያሉ። ማኑዋሉ እንዲህ አድርግ፣ ከዚያ እንዲህ አድርግ ይላል፤ ለምን እንደሆነ አይናገርም። መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። ስለዚህ ላቡ ፍለጋ መሆኑ ይቀርና የታወቀ ቁጥር ላይ የመድረስ ግዴታ ይሆናል። ካልደረስሽ ጥፋተኛ ትመስያለሽ። ማታ ዶርም ውስጥ ያለፈው ዓመት ሪፖርት ይዞራል፣ ሁሉም ይገለብጣል። በዚህ ላይ «መልቲሜትሩን ብታቃጥይ ትከፍያለሽ» የሚል ካለ ጭንቀቱ ይገባኛል። በተለይ ሴት ተማሪዎች ጸሐፊ እየተደረጉ ዕቃ ሳይነኩ ሴሚስተሩ ያልቃል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ያበሳጨኛልም። ያልነካሽው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ያስፈራል።

ምክንያትሽ ይህ ከሆነ አንቺ የቲዮሪ ሰው መሆንሽን ገና አላወቅንም። ያወቅነው መጥፎ ላብ እንደማትወጂ ብቻ ነው። እሱን ማንም አይወድም።

ሌላም የተለመደ ስህተት አለ። ላብና ቲዮሪ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች፣ አንዱ የእጅ ሌላው የጭንቅላት ይመስላሉ። ፔንዱለሙን እንይ። ፍሬሽማን ላይ የማይሠራው የለም። ክር፣ ጫፉ ላይ ድቡልቡል ብረት፣ ስቶፕዎች። ርዝመቱን ትለኪያለሽ፣ ጊዜውን ትይዣለሽ፣ የስበት ፍጥንጥነትን፣ «ጂ» የሚባለውን፣ ታሰያለሽ። አንዱ ቡድን 9.74 ያገኛል፣ ሌላው 9.9። ሁለቱም ይደነግጡና ቁጥሩን ወደ 9.81 ጎተት አድርገው ያስገባሉ።

የሚያስቀው ነገር ሀዋሳ ላይ ጂ 9.81 አለመሆኑ ነው። ሀዋሳ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ገደማ ብትርቅ ነው፤ ከባሕር ጠለል ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች። ምድር ስለምትሽከረከርና ወገቧ ላይ ወፈር ስለምትል ጂ ወደ ወገቧ ሲጠጋ ያንሳል። ከፍታው ደግሞ ትንሽ ይቀንስበታል። ሲሰላ 9.78 ገደማ ይመጣል። አዳማም ያው ነው። 9.81 አውሮፓ አካባቢ የሚሠራ ቁጥር ነው፤ እኛ ጋ የመጣው በመጽሐፍ ተሳፍሮ ነው። ስለዚህ በትክክል ለክቶ 9.78 ያገኘ ተማሪ «ተሳሳትኩ» ብሎ ትክክለኛውን ቁጥር ያበላሸዋል።

ግን በስቶፕዎች ይህን ልዩነት ማየት ይቻላል? እዚህ ላይ ነው ቲዮሪው የሚገባው። ክሩ 1 ሜትር ቢሆን አንድ ሙሉ ውዝዋዜ 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በ9.81 እና በ9.78 መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ውዝዋዜ 0.003 ሰከንድ ነው። የእጅሽ መዘግየት ደግሞ 0.2 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። አንድ ውዝዋዜ ብትለኪ ምንም አታዪም። 100 ብትቆጥሪ ልዩነቱ 0.3 ሰከንድ ይደርሳል፤ የእጅሽ ስህተት ግን ያው 0.2 ነው። ለጥቂት ታየ ማለት ነው። ደጋግመሽ ብትለኪ ደግሞ ይበልጥ ይጠራል።

አላለቀም። ርዝመቱን እስከ ብረቱ ጫፍ ነው የለካሽው ወይስ እስከ መሃሉ? 1 ሴንቲሜትር ብትሳሳቺ ጂ ላይ 1 በመቶ ስህተት ይመጣል፤ ከምንፈልገው ልዩነት ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ስንት ዲግሪ ስበሽ ለቀቅሽው? ያ የምናውቀው ፎርሙላ የሚሠራው ለትንሽ ማዕዘን ነው። በ10 ዲግሪ ብትለቂው ጊዜው በ0.2 በመቶ ገደማ ይረዝማል፣ ጂ ደግሞ በ0.4 በመቶ ገደማ ያነሰ ይመስልሻል። ያ 9.74 ያገኘው ቡድን ምናልባት ያደረገው ይህንን ነው። በ5 ዲግሪ ቢለቁት ስህተቱ ወደ ሩብ ይወርድ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅነው በወረቀትና በእርሳስ ነው። ላብ ውስጥ ግን ካልቆምሽ ጥያቄው ራሱ አይመጣልሽም። ላብ ሪፖርት ላይ ኤረር አናሊሲስ የሚባለው፣ ስህተቱ ከየት እንደመጣ የሚተነተንበት፣ ሁሉም የሚዘለው ክፍል፣ ለቲዮሪ ሰው ከሁሉ የሚጣፍጠው እሱ መሆን ነበረበት።

ላቡን መናቅ የት እንደሚያደርስ ደግሞ ታሪክ አለ። ቨርነር ሃይዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1923 ሙኒክ የዶክትሬት ፈተና ሲቀመጥ ገና 21 ዓመቱ ነበር። በቲዮሪ አንደኛ የሚባል ተማሪ ነው። ከፈታኞቹ አንዱ ቪልሄልም ቪን ኤክስፐሪመንታሊስት፣ ማለትም የላብ ሰው ነበር። ኢንተርፌሮሜትር ስለሚባለው የብርሃን መለኪያ መሣሪያ ጠየቀው፣ አልመለሰም። ማይክሮስኮፕ ሁለት የተጠጋጉ ነጥቦችን እስከምን ድረስ ለይቶ እንደሚያሳይ ጠየቀው፣ አልመለሰም። ባትሪ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀው፣ እሱንም አልመለሰም። ቪን ሊጥለው ፈልጎ ነበር። የቲዮሪው መምህር ዞመርፌልድ ከፍተኛውን ማርክ ስለሰጠው በመካከለኛ ውጤት አለፈ። ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1927 ያንን ዝነኛ የኢ-እርግጠኝነት መርህ ሲያወጣ ሐሳቡን ያስረዳው በምናባዊ ማይክሮስኮፕ ነበር። የማይክሮስኮፑን ነገር ግን እንደገና ስቷል፤ ያረመው ኒልስ ቦር ነው። በኋላ የ1932ን የኖቤል ሽልማት ወስዷል፣ ስለዚህ ላብ አለመቻል ሕይወቱን አላበላሸውም። የናቀው ነገር ግን በራሱ ትልቁ ሥራ መሃል ላይ ጠብቆታል።

ለማጽናኛ ያህል ቮልፍጋንግ ፓውሊን ልጨምር። እሱ ላብ ሲገባ ዕቃ ይሰበራል እየተባለ ባልደረቦቹ ይቀልዱበት ነበር። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1930 ሌሎች በሙከራ ያዩትን እንቆቅልሽ ለመፍታት ዛሬ ኒውትሪኖ የሚባል ቅንጣት መኖር አለበት አለ። ተለክቶ የተገኘው በ1956 ነው። 26 ዓመት ዕቃ የሚወዱ ሰዎችን ጠብቋል ማለት ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሄድም።

«ቲዮሪ እወዳለሁ» የምትዪውንም መፈተሽ አለብን። ቅር አይበልሽና፣ ብዙ ጥሩ ተማሪዎች ቲዮሪ ሲሉ ጥያቄ መሥራት ማለታቸው ነው። ፎርሙላው ይታወቃል፣ ቁጥር ይገባል፣ ምርጫው ሐ ይሆናል። ማትሪክ የሚያስለምደው ይህንን ነው። ጄኔራል ፊዚክስ ላይ ኤ ማግኘትም በአብዛኛው በዚህ ይቻላል። እውነተኛው ቲዮሪ ግን ሌላ ነው። ምርጫ የለውም። አንድ ዴሪቬሽን ላይ፣ ማለትም ፎርሙላን ከመነሻው ማውጣት ላይ፣ ሦስት ቀን ተቀምጠሽ አራተኛው ቀን ላይ መነሻው ስህተት እንደነበር ታገኚያለሽ። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች የየዕለት እንጀራሽ ይሆናሉ።

ራስሽን የምትፈትኚበት መንገድ አለ። የፔንዱለሙን ፎርሙላ ደብተር ሳታዪ ከኒውተን ሁለተኛ ሕግ ተነስተሽ አውጪው። ማዕዘኑ ትንሽ ነው ያልሽበት መስመር የትኛው እንደሆነ ለዪ። ከዚያ «ማዕዘኑ ትልቅ ቢሆንስ?» ብለሽ ቀጥዪ። ትጣበቂያለሽ፤ ማንም ይጣበቃል። ዋናው ነገር ስትጣበቂ ምን እንደሚሰማሽ ነው። እራት ላይ ስትቆሚ፣ ወደ ፒያሳ በባጃጅ ስትሄጂ ጥያቄው አብሮሽ ከዞረ የቲዮሪ ሰው ነሽ። መልሱን በስልክ ፈልገሽ «አሃ» ብለሽ ከተገላገልሽ ግን የምትወጂው ፈተና ማለፍን ነው። እሱም ነውር አይደለም፣ ግን አራት ዓመት አይሸከምሽም።

ምርጫዎቹን በዚህ ዓይን እንያቸው። ማትስ ላብ የለውም፣ እውነት ነው። ግን ከላብ ለማምለጥ ብቻ ማትስ የገባ ተማሪ ሪል አናሊሲስ ላይ ሲደርስ ይደነግጣል። እዚያ ጥያቄው «ስንት ነው?» መሆኑ ቀርቶ «አረጋግጪ» ይሆናል። ስለ ብርሃን፣ ስለ ኮከብ፣ ስለ ሙቀት የሚጠይቅሽ የለም። ማረጋገጥ በራሱ የሚያስደስትሽ ከሆነ ማትስ ግሩም ቤት ነው። ተፈጥሮ ራሷ የምትስብሽ ከሆነ ግን በሁለተኛው ሴሚስተር ፊዚክስ ይናፍቅሻል።

የአክስትሽ ልጅ የምትለው ለአንቺ ሁኔታ ትክክል ነው። አፕላይድ ፊዚክስ ከስሙ ጀምሮ ወደ አጠቃቀም ያዘነብላል። ዕቃ ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው፣ ከላብ ለምትሸሽ ሰው ግን መሸሻ አይሆንም። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የራሱ የመግቢያ ፈተናም ስላለው ከሀዋሳ ዝም ብሎ የሚታለፍበት ቤት አይደለም። አባትሽ ያሉት ኢንጂነሪንግ ደግሞ ላብ ላይ ወርክሾፕ ይጨምርልሻል፣ ላዩ ላይ ኢንተርንሺፕ። ሥራ ለማግኘት ብለው ከሆነ ሊያከራክር ይችላል፤ ላብ ስለምትጠዪ ከሆነ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

አንድ የማይነገራችሁ መንገድ አለ፤ ኮምፒውተር። ዛሬ ፊዚክስ ቲዮሪና ሙከራ ብቻ አይደለም። በወረቀት የማይፈታውን ኢኩዌሽን በፕሮግራም መፍታት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ዕቃ ለማይወድ፣ ግን ውጤት ማየት ለሚወድ ሰው ልክ ነው። ያ ትልቅ ማዕዘን ላይ ያስቸገረሽ ፔንዱለም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጥቂት መስመር ነው። ላፕቶፕ ከሌለሽ ፓይተን የሚሠራበት ድረ ገጽ፣ ጎግል ኮላብ፣ በስልክም ይከፈታል፣ ኮኔክሽን ካለ። ምድራችንም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ሀዋሳም አዳማም ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ተሰምቷል። ጂኦፊዚክስ ውስጥ የመንቀጥቀጥ መለኪያውን (ሲስሞሜትሩን) የሚተክለው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ከመጣው ዳታ የመሬቱን ውስጥ ማስላት ግን የሒሳብና የኮድ ሥራ ነው።

ገደቡንም ልንገርሽ፣ በኋላ እንዳታዝኚብኝ። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የቲዮሪ ፊዚሲስት ብሎ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት የለም። ቲዮሪ ማለት ሁለተኛ ዲግሪና ዶክትሬት ማለት ነው። እስከዚያ ብዙው ተመራቂ መምህር ይሆናል። ጎበዝ ሆነሽ ዩኒቨርሲቲው ግራጁዌት አሲስታንት አድርጎ ቢያስቀርሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰጥሽ ሥራ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ላብ ማሠራት። የመውጫ ፈተናም አለ፤ 50 ካላመጣሽ ዲግሪው አይወጣም።

በሩ ግን ዝግ አይደለም። ስታቲስቲካል ፊዚክስን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ዶ/ር ሙሉጌታ በቀለ የሠሩት በወረቀትና በስሌት ነው። በደርግ ጊዜ ዓመታት ታስረዋል፣ እስር ቤት ውስጥም አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭ ሽልማት ሰጥቷቸዋል። ከአገር ውጭ ደግሞ ፓኪስታናዊው አብዱስ ሳላም እ.ኤ.አ. በ1964 ጣሊያን ትሪየስቴ ላይ ያቋቋመው ዓለም አቀፍ የቲዮሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል አለ። እንደኛ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ወጪያቸውን ሸፍኖ የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ፕሮግራም ይሰጣል። ኪጋሊ ላይም የዚህ ማዕከል አጋር የሆነ ተቋም ፊዚክስ በማስተርስ ያስተምራል። የአፍሪካ የማቲማቲካል ሳይንስ ተቋምም ኪጋሊን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ማዕከሎች አሉት። እነዚህ ቦታዎች የሚያዩት የማትስና የፊዚክስ ውጤትሽን ነው። ላብ ላይ ቢ ቢኖርሽ ማንም አይጥልሽም። ዲ ቢኖርሽ ግን ጂፒኤሽን ይጎትታል፣ ለምን ብለውም ይጠይቃሉ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ፊዚክስ ግቢ፣ ላቡን ግን የምታመልጪው ዕዳ አታድርጊው። ላብ ላይ ኤ አታሳድጂ፤ ደህና ቢ ይበቃሻል። ከመግባትሽ በፊት ማኑዋሉን አንብቢና አንድ ጥያቄ ጽፈሽ ግቢ፤ ትልቁ ስህተት ከየት ይመጣል የሚል። ዕቃውን ቢያንስ አንዴ በእጅሽ ያዢ፤ ደፋሩ ልጅ ካልለቀቀ ላብ አሲስታንቱን ንገሪው። ቁጥር አትጎትቺ። 9.74 ካገኘሽ 9.74 ብለሽ ጽፈሽ ለምን እንደሆነ አስረጂ። ጥሩ አራሚ ከተገለበጠ 9.81 ይልቅ ለዚያ ማርክ ይሰጣል። መጥፎ አራሚ ካጋጠመሽ አንድ ሁለት ማርክ ታጪያለሽ፣ ትችዪዋለሽ። የተረፈሽን ጉልበት ማትስ ላይ አውዪው። ከማትስ ዲፓርትመንት ሊኒየር አልጀብራና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የሚያስተምረውን ሰው ፈልገሽ፣ ከተፈቀደልሽ ክፍሉ ገብተሽ ተቀመጪ። ፓይተን ዘንድሮ ጀምሪ፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ አይደለም።

ፎርሙ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ደግሞ ለዚያ ዴሪቬሽን ስጪው። አንድ ቀን ዶርም ውስጥ ክርና ድንጋይ አንጠልጥለሽ 100 ውዝዋዜ ቁጠሪ፤ ማንም አያርምሽም፣ የሚሰበርም ዕቃ የለም። ሁለቱም ካስደሰቱሽ አንደኛ ፊዚክስ፣ ሁለተኛ ማትስ ብለሽ ሙዪ። ዴሪቬሽኑ ብቻ አስደስቶሽ ድንጋዩ ከሰለቸሽም ያው ሙዪ፤ አንቺ እውነተኛ የቲዮሪ ሰው ነሽ፣ ላቡን ትችዪዋለሽ። ከድንጋዩ ይልቅ ዴሪቬሽኑ ከሰለቸሽ ግን ፊዚክስንም ማትስንም ተይና ከአባትሽ ጋር ቁጭ ብለሽ ተነጋገሪ።